ሾን ሌስተር፦ የመንግሥታት ማኅበር የመጨረሻው ዋና ጸሐፊ ወይስ የባዶ ሕንጻ ዘበኛ?

ከዚህ በታች ያለው የአንድ የኢንተርኔት ውይይት ክር ማጠቃለያ ነው፤ ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄ ሳይሆን ፍርድ ይዞ ነው የመጣው። አየርላንዳዊው ዲፕሎማት ሾን ሌስተር በጦርነቱ ዘመን ጄኔቫ ላይ የመንግሥታት ማኅበርን መራ ተብሎ የሚወራለት ሁሉ ከንቱ ውዳሴ ነው ባይ ነው። ማኅበሩ የሞተው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ በጉባኤው ፊት ቆመው የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሲያውኳቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የቀረው ግንብ ብቻ ስለሆነ ሌስተርም የግንቡ ዘበኛ ነበር አለ። ጦርነት አላስቆመ፣ ጉባኤ አልጠራ፣ ውሳኔ አላስወሰነ፣ ታዲያ ምኑ ይጻፋል ሲልም ተሰናበተ። ይህ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ግን መላሾቹ እንደጻፏቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ቀርተዋል።

ምላሽ 1 በትሕትና ነው የገባው። ከፋቹን እርስዎ እያለ፣ የ1936ቱ ቁጣ ልክ መሆኑን ተቀብሎ፣ ሰውየው ላይ ከመፍረድ በፊት ግን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይበጃል ብሎ ጀመረ። ሌስተር በ1888 በአንትሪም አውራጃ ካሪክፈርገስ ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ ተወለደ፤ ጋዜጠኛ ሆነ፤ ከአየርላንድ ነጻነት ፈላጊዎች ወገን ቆመ፤ አዲሱ መንግሥት ሲቋቋም ውጭ ጉዳይ ገባ። በ1929 ጄኔቫ ተላከ። ፔሩና ኮሎምቢያ ሌቲሲያ በምትባል የአማዞን ወደብ ሲጣሉ ለማስታረቅ ከደከሙት አንዱ እሱ ነው። በ1934 የማኅበሩ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኖ በማኅበሩ ጥበቃ ሥር ወደነበረችው ነጻ ከተማ ወደ ዳንዚግ ሄደ፣ በ1937 ምክትል ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተመለሰ። መላሹ ዳንዚግ ላይ ሲደርስ ረጋ አለ፤ ሌስተር እዚያ የከተማዋን ሕገ መንግሥት ይዞ ከናዚዎች ጋር ሲሟገት እንደኖረ፣ በሰኔ 1936 ላይፕሲግ የተባለችው የጀርመን መርከብ አዛዥም ወደብ ገብቶ ኮሚሽነሩን ሳይጎበኝ በመቅረት ሆን ብሎ እንዳዋረደው ጻፈ።

ምላሽ 2 ያንን ሰሞን ይዞ ከኛ ታሪክ ጋር አገናኘው። ሰኔ 30 ቀን ጃንሆይ ተናገሩ። ሐምሌ 3 ቀን ሽቴፋን ሉክስ የተባለ አይሁዳዊ ጋዜጠኛ፣ ዓለም በጀርመን ያሉ አይሁዶችን ጩኸት እንዲሰማ ሲል፣ ጉባኤው በተቀመጠበት ራሱን በጥይት መታ። ሐምሌ 4 ቀን ጉባኤው በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ መንገዱን ጠረገ፤ በዚያው ቀን የዳንዚጉ የናዚ መሪ አርተር ግራይዘር በምክር ቤቱ ፊት ሌስተርን ሲያብጠለጥል ቆይቶ ሲወጣ ለጋዜጠኞቹ በጣቱ አፍንጫውን እያሳየ አላገጠባቸው። ስለዚህ ኢትዮጵያ በተከዳችበት ሳምንት ሌስተርም ከተከዱት ጎን ነበር ባይ ነው። ያን ሁሉ ግን ዛሬ ቱሪስት በሚጎበኘው በማኅበሩ አዲስ ሕንጻ፣ በፓሌ ዴ ናስዮን ታላቅ አዳራሽ ሆነ ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ምላሽ 3 አልታገሠም። ጽሕፈት ቤቱ ወደ አዲሱ ሕንጻ የገባው በየካቲት 1936 ቢሆንም የጉባኤው አዳራሽ ገና አላለቀም ነበር፤ የተመረቀው በ1937 ነው። የጃንሆይ ንግግር የተደረገው ከተማው ውስጥ ባለው የምርጫ አዳራሽ እንደሆነ አስረድቶ፣ ሰው ፎቶውን እያየ አዳራሹን አይለይም እንዴ ሲል አከለበት። እርማቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ክሩን ከዚያ ጀምሮ አሞቀው።

ለእኔ ከሁሉ የላቀው ምላሽ 4 ነው። ጸሐፊው የሕግ ሰው ይመስላል። ከፋቹ ጉባኤ አልጠራም ያለውን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ችግሩ ፍሬ ያዘው። በማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 6 መሠረት ዋና ጸሐፊን የሚሾመው ጥቂት አገሮች ያሉበት ምክር ቤቱ ሲሆን ሁሉም አባላት የሚቀመጡበት ጉባኤው በአብላጫ ድምፅ ያጸድቃል። ከታኅሣሥ 1939 በኋላ ግን ጦርነቱ እስኪያበቃ ሁለቱም አልተሰበሰቡም፤ ሊሰበሰቡም አይችሉም ነበር። ታዲያ ፈረንሳዊው ዋና ጸሐፊ ዦዜፍ አቨኖል በሐምሌ 1940 መልቀቂያ አስገብቶ በነሐሴ 31 ሲሄድ ሌስተር በምን ሥልጣን ይፈርማል? መልሱ አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ጉባኤው በ1938 ዋና ጸሐፊው በቁጥጥር ኮሚሽኑ ፈቃድ አስቸኳይ የአስተዳደርና የገንዘብ እርምጃ እንዲወስድ ውክልና ሰጥቷል፤ በታኅሣሥ 1939 ደግሞ አራዝሞታል። ኮሚሽኑ ጥቂት ሰዎች ያሉበት የበጀት ተቆጣጣሪ ነው፤ ሰብሳቢው ኖርዌያዊው ካርል ሀምብሮ። ስድስቱን ዓመት ማኅበሩን በሕግ ያቆመችው ያቺ ውክልና ነች። ሌስተር ተጠባባቂ የተባለውም በትሕትና ሳይሆን ሿሚ ስላልነበረ ነው።

ጸሐፊው ቀጥሎ ይህ አሠራር የት ላይ ሊበጠስ እንደነበር አሳየ። ኮሚሽኑ በመስከረም 1940 መጨረሻ ሊዝበን ላይ ለስብሰባ ተጠራ። ሌስተር ባልተያዘችው ፈረንሳይ አድርጎ የስፔን ድንበር ደረሰ፤ ስፔኖች አላሳልፍም ብለው መለሱት። በጀቱ እሱ በሌለበት ተነጋገሩበት። ከዚያ በኋላ ኮሚሽኑ ሞንትሪያልና ለንደን እየተሰበሰበ ሌስተር ሪፖርቱን በወረቀት ይልክ ነበር። ኅዳር 1942 ጀርመኖች የቀረውን የፈረንሳይ ክፍል ሲይዙ ጄኔቫ ዙሪያዋን ታጠረች። ባለቤቱና ሦስት ሴት ልጆቹ አየርላንድ ስለነበሩ ለዓመታት ተለያዩ።

ምላሽ 5 በአቨኖል ላይ ወረደበት። ይህ ሰው በ1936 መስከረም ሮም ድረስ ሄዶ የኢትዮጵያ ልዑካን ከጉባኤ የሚገለሉበትን መላ የመከረ መሆኑን አስታወሰ፤ ጉባኤው ግን የልዑካኑን ውክልና ተቀብሎ አስቀመጣቸው። ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ አቨኖል ለጀርመን ላደረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት እጅ ነሥቶ ማኅበሩን ለአዲሱ የአውሮፓ ገዢ ሊያስረክብ አሰበ። ሠራተኛውን ልቀቁ ወይም ውላችሁ ይታገድ እያለ አሰናበተ፤ በደኅናው ጊዜ ከ700 ያላነሰ የነበረው ጽሕፈት ቤት በዓመቱ መጨረሻ ጄኔቫ ላይ ወደ 100 ገደማ ወረደ። መላሹ ክሩን የከፈተውን ሰው አንድ ነገር ጠየቀው፦ በዚያ በጋ ቁልፉ በአቨኖል እጅ ቢቀር ኖሮ የኢትዮጵያ ስም ከአባላት ዝርዝር ላይ ይቆይ ነበር ወይ?

ከፋቹ በምላሽ 6 ተመለሰ፤ እርስዎ መባባሉም እዚህ ላይ ቀረ። አቨኖል ክፉ መሆኑ ሌስተርን ጀግና አያደርገውም፤ ደመወዝ መክፈልና ደብዳቤ መላክ የማንም ቢሮ ሥራ ነው፤ ደግሞ የሚሠሩት ክፍሎች ሁሉ አሜሪካ ሄደው የለም ወይ ሲል ጠየቀ።

ይህ ሦስት ሰዎችን አስነሳ። ምላሽ 7 ማን የት እንደሄደ ቆጠረ። በአሌክሳንደር ላቭዴይ የሚመራው የኢኮኖሚና የፋይናንስ ክፍል በነሐሴ 1940 ፕሪንስተን ገባ። የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥሩ ዋሽንግተን ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ገንዘብ ያዡ ሲመር ጃክሊን ለንደን ተቀመጠ፤ የስደተኞች ኮሚሽነሩም እዚያው። የዓለም የሥራ ድርጅት ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ። አሜሪካ አባል ስላልነበረች፣ ዓመቱም የምርጫ ዓመት ስለነበር፣ መንግሥቷ ይፋ ግብዣ ሊሰጥ አልቻለም፤ ስለዚህ ላቭዴይን የጠሩት የፕሪንስተን ተቋማት ናቸው፣ እንግዶቹም የተላኩት ለሥራ ጉዞ እንጂ መሥሪያ ቤቱ ዞረ ተብሎ አይደለም። አቨኖል በመጀመሪያ ግብዣውን ገፍቶት ነበር፤ እነ ሌስተር ወትውተው ነው ያስለወጡት። ጽሕፈት ቤቱ በሕግ ጄኔቫ እንዳለ መቆየት ነበረበት፤ እዚያ ፈራሚ ባይኖር ፕሪንስተን ያሉት ሰዎች የማን ሠራተኛ ይሆናሉ?

ምላሽ 8 ወደ ገንዘቡ ሄደ። የማኅበሩ በጀት የራሱ የጽሕፈት ቤቱ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ድርጅቱም የቋሚው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም ድርሻ ከዚያው ይቆረጣል። በ1940 ከ20 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ የነበረው በ1941 በግማሽ ገደማ ተቆረጠ። መዋጮውን በዋናነት የተሸከሙት ብሪታንያና የኮመንዌልዝ አገሮች ነበሩ። ጄኔቫ ያለው መሥሪያ ቤት ቢዘጋ አባል አገሮች መዋጮ የሚልኩለት አካል የለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሞንትሪያል ያለው ኤድዋርድ ፌላንም ደመወዝ የሚከፍልበት ምንጭ ይነጥፋል። ፌላንም አየርላንዳዊ እንደሆነ፣ ከ1941 ጀምሮ የሥራ ድርጅቱን የመራው እሱ እንደሆነ በቅንፍ ጣል አደረገ። ሁለት አየርላንዳውያን፣ አገራቸው ገለልተኛ ሆና ሳለ፣ የጄኔቫን ቅርስ ይዘው መቅረታቸው ለብቻው ክር ይወጣዋል።

ምላሽ 9 እጅግ ረጅም ነው፤ የኦፒየም ቁጥጥሩን ከሥሩ ያስረዳል። በ1931ዱ ስምምነት እያንዳንዱ መንግሥት ለመጪው ዓመት ለሕክምናና ለምርምር የሚያስፈልገውን ሞርፊን፣ ኮኬይንና ሌላውንም በክብደት ገምቶ እስከ ነሐሴ 1 ይልካል። አራት ሰዎች ያሉበት ተቆጣጣሪ አካል ግምቱን መርምሮ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ እስከ ኅዳር 1 የሁሉንም አገር ዝርዝር ያወጣል። ዋናው ብልሃት ያለው ግን ዝም ባለው አገር ላይ ነው፦ ግምት ያልላከ መንግሥት ቢኖር አካሉ ራሱ ገምቶ ያስገባለታል፤ ስምምነቱን ያልፈረመም አይቀርለትም። ከዚያ ቋሚው የኦፒየም ቦርድ በየሩብ ዓመቱ የሚደርሰውን የወጪና የገቢ ንግድ ቁጥር ከግምቱ ጋር ያስተያያል፤ አንድ አገር ከግምቱ አልፎ ካስገባ ለላኪዎቹ ጨምራችሁ አትላኩ የሚል ማሳሰቢያ ይወጣል።

ይህ ሁሉ በፖስታ የሚሠራ ነገር ነው፤ መላሹም ችግሩ የት ላይ እንደሆነ ለይቶታል። ጦርነት ሲመጣ ደብዳቤው ወራት ይፈጃል፣ የተያዘ አገር ግምት አይልክም፣ የሩብ ዓመቱ ቁጥር ጎዶሎ ሆኖ ይመጣል። አንድ ዓመት ዝርዝሩ ሳይወጣ ቢቀር ላኪው አገር የሚያስተያይበት ጣሪያ ያጣል፤ የ10 ዓመት ሥራ ይፈርሳል። ዋሽንግተን ላይ ቅርንጫፍ የተከፈተው ለዚህ ነው፤ ከአሜሪካዎቹ አህጉሮች የሚመጣው ወረቀት የተከበበችውን ጄኔቫ ሳይነካ እንዲያልፍ። ዝርዝሩም በጦርነቱ ዓመታት ሁሉ ወጣ። በታኅሣሥ 1946 በተፈረመ ፕሮቶኮል ሥራው ሳይቋረጥ ለተባበሩት መንግሥታት ተላለፈ።

ምላሽ 10 የጤናውን ክፍል በሁለት መስመር ጨመረ፦ ሳምንታዊው የወረርሽኝ መዝገብ ከጄኔቫ መውጣቱን አላቆመም፤ የምሥራቁ ጣቢያ ሲንጋፖር በ1942 በጃፓኖች እጅ ስትወድቅ ተዘጋ፣ ፕራንዣን ያለው የማኅበሩ ራዲዮ ጣቢያም በዚያው ዓመት ለስዊዞች ተመለሰ። ወሬው የሚመጣበትም የሚሰራጭበትም መንገድ በአንድ ዓመት ጠበበ ማለቱ ነው።

ምላሽ 11 እስከዚህ ከተነሱት ሁሉ የሚያስደንቀውን አመጣ። ከማኅበሩ ለመውጣት የሁለት ዓመት ማስጠንቀቂያ ያስፈልግ ነበር፤ አንቀጽ 1። ጣሊያን በታኅሣሥ 1937 ያስታወቀችው በ1939 መጨረሻ ጸናላት። ቪሺ ደግሞ በሚያዝያ 1941 ፈረንሳይ እንደምትወጣ አስታወቀ፤ ሰዓቱ ሚያዝያ 1943 ላይ ያበቃል። ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቪሺን የተቃወሙት የፈረንሳይ መሪዎች ደጎልና ዢሮ ለሌስተር ቴሌግራም ላኩ፤ በባዕድ ጫና የተሰጠውን ማስታወቂያ አንቀበልም፣ ፈረንሳይ አባል ነች የሚል። ቴሌግራሙን ተቀብሎ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ሥልጣን ያለው ሰው ጄኔቫ ባይቀመጥ ኖሮ ወረቀቱ ወዴት ይላክ ነበር? ለዘበኛው ነዋ፣ ሲል ከፋቹን ነካካው።

ምላሽ 12 እና 13 ክሩን ሜዳ አስወጡት። አንዱ ከሕንጻው ብዙው ክፍል ተዘግቶ ቀሪው ሠራተኛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ክንፍ መሰብሰቡን አንስቶ፣ በሮክፌለር 2 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ክንፍ የማኅበሩ የመጨረሻ መጠጊያ መሆኑን ጠቀሰ። ሌላው የፓርኩን ጣዎሶች አመጣ፤ መሬቱን ለከተማው ያወረሰው ሰው ጣዎሶች ሁልጊዜ በግቢው እንዲንሸራሸሩ ተናዞ ነበር፣ ዛሬም አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጣዎስ ጩኸትና ስለ ስዊዝ ኑሮ ውድነት ሰባት መልእክት ያህል ሲከማች አወያዩ ገብቶ አጸዳው፤ ቁጥሮቹም በአዲስ መልክ ተስተካከሉ።

በምላሽ 14 አንድ ሰው የተባበሩት መንግሥታት ስለተመሠረተበት የ1945ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ በቁጭት ጻፈ። የኢትዮጵያ ልዑካን ከመሥራች አባላት ጋር ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሌስተር፣ ላቭዴይና ጃክሊን ግን ይፋ ባልሆነ ታዛቢነት ተጠርተው የተሰጣቸው ቦታ ከላይ ሰገነት ነበር። ምክንያቱን ሁለት አደረገው፦ ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በመውረሯ በታኅሣሥ 1939 ከማኅበሩ መባረሯን አልረሳችም፤ የሌስተር አገርም በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረች። አሸናፊዎቹ የሬሳውን ሽታ በአዲሱ ቤት ማስገባት አልፈለጉም ሲል ሦስተኛ ጨመረ፤ ይሄኛው የራሱ አስተያየት ነው፣ ግን ከእውነት የራቀ አይመስለኝም።

ከፋቹ በምላሽ 15 ጥያቄውን አጠበበ። ኦፒየሙም በጀቱም ይሁን፤ ለኢትዮጵያ ምን ጠቀማት?

ምላሽ 16 መልሱ የሚገኘው ሄግ ነው አለ። የማኅበሩ የመጨረሻ ጉባኤ ከሚያዝያ 8 እስከ 18 ቀን 1946 ጄኔቫ ላይ ተቀመጠ፤ የጠራው፣ ወረቀቱን ያዘጋጀው የሌስተር ጽሕፈት ቤት ነው። በመዝጊያው ቀን ስለ ሞግዚት ግዛቶች፣ ማለትም ማኅበሩ አገሮች በአደራ እንዲያስተዳድሯቸው ስለሰጣቸው ግዛቶች፣ አንድ ውሳኔ ተላለፈ፤ ሞግዚቶቹ አገሮች ሌላ ስምምነት እስኪደረግ ድረስ በገቡት ግዴታ ግዛቶቹን እንደሚያስተዳድሩ የሰጡትን ቃል ጉባኤው መዘገበ። ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን (የዛሬዋን ናሚቢያ) የያዘችው ደቡብ አፍሪካም እዚያ ቃሏን ሰጥታለች። በኅዳር 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እሷን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሲከሱ የመክሰስ መብት ያገኙት ከሞግዚትነቱ ሰነድ አንቀጽ 7 ነው፤ አንቀጹ ክርክር ማንሳት የሚችለው ሌላ የማኅበሩ አባል ነው ይላል። ሁለቱም አባል ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በ1962፣ ማኅበሩ ቢፈርስም አንቀጹ አልሞተም ብሎ በ8 ለ7 ድምፅ ጉዳዩን ተቀበለ። የኢትዮጵያ አባልነት በ1936 በአቨኖል መንገድ ቢፋቅ ኖሮ አዲስ አበባ በምን ትከስ ነበር?

ምላሽ 17 ይህን በቁጣ ቆረጠው፤ የክሩ ጠንካራ ተቃውሞም ይሄው ነው። የሞግዚት ግዛቶቹን ውሳኔ ያረቀቀው የቻይና ልዑክ እንጂ ሌስተር አይደለም። ኢትዮጵያን በ1936 በወንበሯ ያቆየው ጉባኤው ነው፤ ያኔ ሌስተር ዳንዚግ ነበር። ክሱም ቢሆን በ1966 ድምፁ 7 ለ7 ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ በነገሩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ወደቀ። የሌላውን ሥራ ለሌስተር እያሸከማችሁ ሐውልት አታቁሙለት ሲል ዘጋ።

ምላሽ 18 ሦስቱንም ነጥብ ሳይክድ አንዱን ብቻ አቀና። ረቂቅ የሚጻፈው ጉባኤ ሲኖር ነው፤ በ1940 በጋ ማኅበሩ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ በ1946 የሚጠራ ጉባኤ፣ ቃል የሚሰጥበት መድረክ፣ የሚመዘገብበት መዝገብ አይኖርም ነበር። የ1966ቱ ፍርድም ቢሆን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤን አስቆጥቶ በጥቅምት ያው ዓመት የደቡብ አፍሪካ ሞግዚትነት እንዲያበቃ አስወስኗል። እኔም ሚዛኑ እዚህ ላይ ያደላ ይመስለኛል፤ ምላሽ 17 ያለው ግን ቸል የሚባል አይደለም።

ምላሽ 19 ስለ ርክክቡ ነው። ጉባኤው በሚያዝያ 18 ሌስተርን ሙሉ ዋና ጸሐፊ አድርጎ ሲሾም ሹመቱ ከመስከረም 1 ቀን 1940 ጀምሮ እንዲታሰብ ወሰነ፤ ስድስት ዓመት የፈረመው ሁሉ በሙሉ ሥልጣን እንደተፈረመ እንዲቆጠር ማለት ነው። ሕንጻው በነሐሴ 1946 ለተባበሩት መንግሥታት ተላለፈ፤ የንብረቱ ዋጋ ለአባል አገሮች እንደየመዋጯቸው በሂሳብ ተያዘላቸው። የውሎቹ መዝገብ በ205 ቅጽ ተዘጋ። የማኅበሩን ሂሳብ የሚዘጋው አጣሪ ቦርድ ሥራውን የጨረሰው በሐምሌ 31 ቀን 1947 ነው። ሌስተር በአዲሱ ድርጅት ቦታ ሳያገኝ ወደ አየርላንድ ተመልሶ በምዕራቡ ኮኔማራ ኖረ፤ በ1959 አረፈ።

የመጨረሻው ምላሽ 20 ክርክር ሰልችቶት ወደ ማስረጃው መራ። የማኅበሩ መዛግብት ጄኔቫ ናቸው፤ ከ2017 እስከ 2022 በተካሄደ ሥራ ወደ 15 ሚሊዮን ገጽ የሚጠጋው በዲጂታል ወጥቶ ማንም ከቤቱ ሆኖ በነጻ ያየዋል። የሌስተር ማስታወሻም እዚያው አለ። ፍለጋ ለሚጀምር ሰው ምክሩ በስም ሳይሆን በክፍል መፈለግ ነው፦ መጀመሪያ ክፍሉን፣ ቀጥሎ ዓመቱን፣ ከዚያ ጉዳዩን። ፋይሎቹ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ቃሉን በሁለቱም ይሞክሩ፤ ኢትዮጵያን ደግሞ አቢሲኒያ ብለውም ይፈልጉ፣ አለዚያ ግማሹ ያመልጣል። በ1936 መስከረም ስለ ልዑካኑ ውክልና የተጻፈውን ለማየት የሚሻ በጉባኤው የውክልና ኮሚቴ ሥር ይጀምር ብሎ አመለከተ። ከፋቹ አገናኙን ጠይቆታል፤ እስካሁን የመለሰለት የለም።